ሜክሲኮ አካባቢ፦ ጎረቤት ህንፃ ላይ አንቴና ከተተከለ ወዲህ የሲ-ባንድ ዲሻችን መስራት አቃተው

የሜክሲኮ_ጣሪያ
ጥር 13፣ ጠዋት 3፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ረዘም ያለ ጥያቄ ነው፣ ታገሱኝ።

የምሰራበት ቢሮ ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ነው። ጣሪያችን ላይ 2.4 ሜትር የሲ-ባንድ (በ4 ጊጋኸርዝ አካባቢ የሚቀበል) የሳተላይት ዲሽ አለ። ከውጭ የሚላክልንን ፕሮግራም የምንቀበለው በሱ ነው። ለዓመታት ያለ ችግር ሰርቷል። ሐምሌና ነሐሴ ዶፍ ሲወርድ እንኳ ንቅንቅ አይልም ነበር።

ከመንገዱ ማዶ ያለው ህንፃ አናት ላይ አዲስ የሞባይል አንቴናዎች ተተከሉ። ርቀቱ ቢበዛ 200 ሜትር ነው። ከዚያ ወዲህ ምስሉ ይቆራረጣል፣ ድምፁ ይንጣጣል፣ አንዳንዴ ጭራሽ ይጠፋል። የገረመኝ ሪሲቨሩ ላይ የማየው ነው። ስትሬንግዙ (የሚገባለት ጉልበት) አልወረደም፣ እንዲያውም ከወትሮው ከፍ ብሏል። ኳሊቲው (የሲግናሉ ጥራት) ግን ዜሮ ይገባል። ቀን ላይ ይብሳል፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ይሻለዋል።

ኬብል ቀይረናል። ኤል ኤን ቢ (ዲሹ ፊት ያለውን መቀበያና ማጉያ) ቀይረናል። ሪሲቨርም ተውሰን ሞክረናል። ያው ነው።

የአንቴናዎቹን ባለቤት ስንጠይቅ "የኛና የናንተ ፍሪኩዌንሲ አይገናኝም፣ ፈቃድ ባገኘንበት ባንድ ነው የምንሰራው" አሉን። በጨዋ ደንብ ነው የመለሱልን፣ ነገሩ ግን እዚያው ቆመ። እውነት አይገናኝም? ካልተገናኘስ ለምን ይረብሸናል?


ዲሽ_ሰራተኛ_ተክለሃይማኖት
ጥር 13፣ ጠዋት 4፡25

ወንድሜ፣ ይሄ ነገር በዝቷል። ለገሃርም ገጥሞኛል፣ ስታዲየም ጀርባም ገጥሞኛል። ስትሬንግዝ ወጥቶ ኳሊቲ ከወደቀ ዲሹ ዞሮ አይደለም። ዲሽ ሲዞር ሁለቱም ናቸው የሚወርዱት።

ማንንም ከመክሰስህ በፊት አንድ ሙከራ አድርግ። አንድ ሙሉ ቆርቆሮ ውሰድና በኤል ኤን ቢውና በማዶው አንቴና መሃል አቁመው። ዲሹ ወደ ሰማይ የሚያይበትን እንዳትጋርድ። ሪሲቨሩ ጋ አንድ ሰው ይቀመጥና በስልክ አውሩ። ቆርቆሮው ሲቆም ኳሊቲው ብቅ ካለ፣ ሲነሳ ከወደቀ፣ ምንጩን አገኘኸው ማለት ነው። ጣሪያ ላይ ንፋስ አለ፣ ብቻህን እንዳትሞክረው። ሁለት ሰው አጥብቆ ይያዘው።

ፀሐይ ናት የሚልህም ይኖራል። ፀሐይ በሳተላይቱ ጀርባ ስታልፍ ሲግናል ለጥቂት ደቂቃ የሚጠፋው እኛ ጋ በመስቀል ሰሞንና በመጋቢት መጀመሪያ ነው። አሁን ጥር ነው፣ ያንተ እሱ አይደለም። የፉሪ ኤፍኤም ማሰራጫ ነው የሚሉም አይጠፉም። ኤፍኤም ከ88 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ነው። ያንተ ዲሽ የሚሰራው በሺዎች ሜጋኸርዝ ነው። እሱንም ተወው።


አርኤፍ_ኢንጂነሯ
ጥር 13፣ ቀን 7፡10

የተነገራችሁ መልስ ግማሹ እውነት ነው። ችግሩ ያለው ቀሪው ግማሽ ላይ ነው።

ሲ-ባንድ ዲሽ የሚቀበለው ከ3.4 እስከ 4.2 ጊጋኸርዝ ያለውን ነው። በብዙ አገር ለ5ጂ የሚውለው ዋናው ባንድ ደግሞ ከ3.3 እስከ 3.8 ነው። ማዶ ያለው አንቴና 5ጂ ከሆነና በ3.5 አካባቢ የሚሰራ ከሆነ፣ የናንተ ካሪየር (ፕሮግራማችሁን የተሸከመው ሲግናል) 3.9 ላይ ቢሆን እንኳ "አይገናኝም" ማለት አይቻልም። ምክንያቱም ኤል ኤን ቢው አይመርጥም። ከ3.4 እስከ 4.2 የገባለትን ሁሉ አንድ ላይ ወደ 60 ዴሲቤል ገደማ (አንድ ሚሊዮን እጥፍ) ያጎላዋል። መምረጥ የሚጀምረው ሪሲቨሩ ነው። እዚያ ሲደርስ ግን ነገሩ ተበላሽቷል።

መጠኑን እንየው። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎሜትር ላይ ነው። በ4 ጊጋ ያን ያህል ርቀት ሲጓዝ ሲግናሉ 196 ዴሲቤል ያህል ይዳከማል። ዲሻችሁ አጠራቅሞት እንኳ ኤል ኤን ቢው ጋ የሚደርሰው −90 ዲቢኤም (የሲግናል ጉልበት መለኪያ ነው፣ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ደካማ ነው) አካባቢ ነው። ማዶ ያለው ትልቅ የ5ጂ አንቴና ግን 200 ሜትር ላይ ነው። ዲሹ በጎኑ በደካማው የሚቀበለው ቢሆንም፣ ዋናውን ጨረር ወደናንተ ባያዞርም፣ በእኔ ስሌት ከሳተላይቱ ከ50 ዴሲቤል በላይ ይበልጣል። 50 ዴሲቤል ማለት 100,000 እጥፍ ነው። ሞንታርቦ ስር ቆሞ ሹክሹክታ ለመስማት እንደመሞከር ነው።

ተራ ኤል ኤን ቢ ከ−60 ዲቢኤም አካባቢ ጀምሮ መጨናነቅ ይጀምራል። ከተጨናነቀ በኋላ የጠራ ሲግናል ሊያወጣ አይችልም። በባንዱ ውስጥ ያለው ሁሉ አብሮ ይበላሻል። ስትሬንግዙ ከፍ ያለው ለዚህ ነው። ሪሲቨሩ ብዙ ጉልበት እየገባለት ነው፣ የሚፈልገው ጉልበት ግን አይደለም።

ቀን መባሱም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። 5ጂ አንቴና ተጠቃሚ ሲበዛ ብዙ ይልካል። ሌሊት ሰው ሲተኛ ጋብ ይላል።

የቆርቆሮውን ሙከራ አድርጉት። ጥሩ ሙከራ ነው።


ፒያሳ_ልጅ
ጥር 13፣ ማታ 1፡05

ስለ ጣልቃ ገባሁ ይቅርታ፣ ግን የኔም ይመሳሰላል መሰለኝ። ቤቴ ፒያሳ ነው። ኢትዮሳት ነው የማየው። በ11105 ሜጋኸርዝ ፍሪኩዌንሲ ላይ ያሉት ቻናሎች ፏ ብለው ይሰራሉ። 11605 ላይ ያሉት ግን ጠፍተዋል። 11545ም አንዳንዴ ፍሪዝ ያደርጋል። ሰራተኛ ጠርቼ ዲሹን ቢያስተካክለው ለውጥ የለም። ከቤታችን ጀርባ ታወር አለ። ይሄም 5ጂ ነው?


አርኤፍ_ኢንጂነሯ
ጥር 13፣ ማታ 2፡30

@ፒያሳ_ልጅ አይደለም። ያንተ ሌላ ነው። ደስ የሚለው፣ ባነሰ ወጪ ይፈታል።

ያንተ ዲሽ ኬዩ-ባንድ ነው። ከ10 ጊጋ በላይ ነው የሚቀበለው። የሞባይል ታወር በአየር ላይ እዚያ አይደርስብህም። ግን ኤል ኤን ቢው ያንን ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ እንዳለ በኬብል አይልከውም። 9750 ቀንሶለት ነው የሚልከው። አንተው ቀንሰው፦ 11605 ሲቀነስ 9750፣ 1855 ሜጋኸርዝ። ስለዚህ ከጣሪያህ እስከ ቴሌቪዥንህ ባለው ኬብል ውስጥ የሚሄደው 1855 ነው።

አሁን ስልክህን አስበው። በ1800 ባንድ ታወሩ ወደ ስልክ የሚልከው ከ1805 እስከ 1880 ሜጋኸርዝ ነው። 1855 መሃሉ ላይ አረፈ። 11545ን ብትቀንሰው 1795 ይመጣል። ሲምቦል ሬቱ (የሲግናሉን ስፋት የሚወስነው ቁጥር) 45000 ስለሆነ ግራና ቀኝ ወደ 27 ሜጋ ይሰፋል፣ ዳሩ 1820 ያልፋል። ለዚህ ነው እሱ አንዳንዴ ብቻ የሚያስቸግርህ። 11105 ግን 1355 ላይ ነው፣ ማንም አይነካውም።

ታወሩ የሚገባብህ በኬብሉ ነው። የተላጠ፣ የተቀጠለ፣ ኮኔክተሩ የላላ ቦታ አለ። ጥሩ ኬብል በመከለያው ይዘጋዋል፣ የተጎዳ ኬብል አንቴና ይሆንለታል።


ዲሽ_ሰራተኛ_ተክለሃይማኖት
ጥር 13፣ ማታ 2፡50

እህቴ እጅሽ ይባረክ። እኔ በልምድ "ይቺ ፍሪኩዌንሲ ታወር አትወድም" እያልኩ ኬብል እቀይር ነበር፣ ቁጥሩን ዛሬ ነው ያየሁት።

@ፒያሳ_ልጅ፣ ፒያሳ አሮጌ ቤቶች ላይ ኬብል ሦስት አራት ቦታ ይቀጠላል። በእጅ ተጠምዝዞ ፕላስተር ይጠቀለልበታል። ያንን ሁሉ አውጣና ከኤል ኤን ቢው እስከ ሪሲቨሩ አንድ ወጥ ኬብል ዘርጋ። መከለያው ሳሳ ያለ ርካሽ ኬብል አትግዛ፣ ሱቅ ላይ ልጠህ እይ፤ ፎይልም ጥቅጥቅ ያለ ሽቦም ይኑረው። ኮኔክተሩ በመሳሪያ የሚጨመቅ ይሁን፣ በእጅ የሚጠመዘዘው አይደለም። ኬብሉን ከታወሩ በተቃራኒ በኩል ባለው ግድግዳ አውርደው። ለሁለት ቴሌቪዥን የምትከፍልበት ርካሽ ስፕሊተር ካለም መጀመሪያ እሱን አውጣው።


ካዛንቺስ_5ጂ
ጥር 14፣ ጠዋት 2፡15

እኔ ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ማዶ ያለው አንቴና ለስንት ሺህ ሰው ኢንተርኔት ይሰጣል። አንድ አሮጌ ዲሽ ተረበሸ ተብሎ እሱ ይነቀል? ፕሮግራሙን በፋይበር አትቀበሉም? ዘመኑ የዲሽ አይደለም።


የሜክሲኮ_ጣሪያ
ጥር 14፣ ጠዋት 3፡00

ወንድሜ፣ ይነቀል ያለ የለም። ፋይበርም አለን። መንገድ በተቆፈረ ቁጥር ይበጠሳል። የምንቀበለው በሰዓቱ አየር ላይ መዋል ያለበት ፕሮግራም ነው፣ "ነገ ይጠገናል" አይባልለትም። ሳተላይቱን የያዝነው ለዚህ ነው።

ወደ ዋናው ልመለስ። ትላንት ከሰዓት ቆርቆሮውን ሞከርነው። ቆርቆሮው ሲቆም ኳሊቲው ከዜሮ ተነስቶ 60 በመቶ ገባ። ስናነሳው ወዲያው ወደቀ። ደጋግመን አየነው።

ከአንድ ወዳጅ ስፔክትረም አናላይዘርም (በየፍሪኩዌንሲው ያለውን ጉልበት የሚያሳይ መሳሪያ) ተዋስን። የኤል ኤን ቢውን መውጫ ስናይ 1650 ሜጋ አካባቢ ሰፊ ጉብታ አለ፣ ከሌላው ሁሉ በጣም ይበልጣል። የኛ ካሪየር 1250 አካባቢ ነው። ጉብታው እየደመቀና እየደበዘዘ ነው፣ አይረጋም። @አርኤፍ_ኢንጂነሯ ምን ትያለሽ?


አርኤፍ_ኢንጂነሯ
ጥር 14፣ ቀን 6፡45

ነገሩ ለየለት። ሲ-ባንድ ኤል ኤን ቢ የሚሰራው ከ5150 በመቀነስ ነው፣ ስለዚህ ተገልብጦ ነው የሚታየው። 5150 ሲቀነስ 1650፣ 3500። ካሪየራችሁ ደግሞ 3900። 400 ሜጋ ተራርቃችኋል። ያ ጥሩ ዜና ነው፣ በፊልተር ይፈታል።

የምትፈልጉት ከ3.7 እስከ 4.2 አሳልፎ ከዚያ በታች ያለውን የሚዘጋ የዌቭጋይድ (ሞገዱ የሚያልፍበት የብረት ቱቦ) ፊልተር ነው። አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልንገርህ። ፊልተሩ የሚገባው በፊዱና (ዲሹ ያጠራቀመውን የሚቀበለው አፍ) በኤል ኤን ቢው መሃል ነው። ብዙ ሰው ኬብሉ ላይ የሚገጠም ትንሽ ፊልተር ገዝቶ ይከስራል። መጨናነቁ የሚፈጠረው ኤል ኤን ቢው ውስጥ ነው። ከሱ በኋላ የምታጣሩት የተበላሸውን ነው።

የናንተ ኤል ኤን ቢ ከፊዱ ጋር አንድ ላይ የተሰራ ከሆነ ፊልተር የሚገባበት ቦታ የለውም። ያኔ ሁለት ምርጫ አላችሁ። ወይ ፊዱን ለብቻ፣ ኤል ኤን ቢውን ለብቻ በሲፒአር 229 ፍላንጅ (ሁለቱን በብሎን የሚያጋጥም የብረት ክፈፍ) የሚያያዘውን ትገዛላችሁ፤ ወይ ፊልተሩ ውስጡ የተሰራለትንና ከ3.7 በላይ ብቻ የሚቀበለውን ኤል ኤን ቢ። ሁለተኛው ይረክሳል፣ የሚዘጋው ግን ያንሳል። 200 ሜትር ላይ ላለ አንቴና የመጀመሪያውን ነው የምመርጠው።

ፊልተሩ ራሱ ከሲግናሉ ግማሽ ዴሲቤል ገደማ ይወስዳል። 2.4 ሜትር ዲሽ ይችለዋል። ፊልተር ሲገባ ኤል ኤን ቢው ወደ ኋላ ይርቃል፣ ክብደትም ይጨምራል። ፊዱ ግን ከነበረበት አይነቃነቅ። ደግፋችሁ እሰሩት፣ ከዚያ ዲሹን እንደገና በትንሹ አስተካክሉት።

ካሪየራችሁ ከ3.7 በታች ቢሆን ኖሮ ፊልተር አያድናችሁም ነበር። ያኔ ያለው መፍትሄ አቅራቢውን ከፍ ወዳለ ትራንስፖንደር (ሳተላይቱ ላይ ያለ ማስተላለፊያ) አዛውሩን ማለት ነው። እንደዚያ ያለ ቢሮ እዚህ ካለ ዛሬውኑ ይጠይቅ፣ ጊዜ የሚወስድ ነገር ነው።


ጡረተኛው_ማይክሮዌቭ
ጥር 14፣ ማታ 1፡20

ልጆቼ፣ ውይይታችሁን ደስ ብሎኝ አነበብኩት። ልጃችን የተናገረችው ሁሉ ትክክል ነው። እኔ ስለ ቦታው ልጨምር።

ድሮ ስንሰራ የመጀመሪያው ጥያቄ "ዲሹ የት ይቀመጥ" ነበር። ፊልተር ኋላ የሚመጣ ነው። የሱሉልታውን የሳተላይት ጣቢያ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። በሱና በከተማው መሃል እንጦጦ አለ። ተራራ ነፃ መከለያ ነው፣ የትኛውም ፊልተር እሱን አያህልም።

ከተማ መሃል ተራራ የለንም። ግን አዲስ አበባ አንድ ፀጋ አላት። ምድር ወገብ ቅርብ ነን፣ ወደ 9 ዲግሪ ሰሜን። ስለዚህ ብዙ ሳተላይቶች አናታችን ላይ ናቸው። 57 ዲግሪ ምሥራቅ ያለውን ኢትዮሳት የሚገኝበትን ብትወስዱ፣ ከኛ 66 ዲግሪ ያህል ወደ ላይ ነው። ናይልሳት እንኳ ወደ ምዕራብ 37 ዲግሪ ገደማ ከፍታ አለው። አውሮፓ ያሉት ዲሾች ብዙዎቹ አጎንብሰው ነው የሚያዩት። እኛ ግን ዲሹን ጣሪያ ላይ መስቀል ግድ አይለንም። ግቢ ውስጥ፣ መሬት ላይ፣ ዙሪያውን ግንብ ባለበት ቢቀመጥ ሰማዩን ያያል፣ ታወሩን አያይም።

@የሜክሲኮ_ጣሪያ፣ ህንፃችሁ ጀርባ ግቢ ካለው እዚያ አውርዱት። ከሌለው እዚያው ጣሪያ ላይ ከሊፍቱ ቤት ጀርባ አድርጉት። ሳተላይታችሁ በየት በኩል እንደሆነ ግን አስቀድማችሁ ለኩ። ያም ካልሆነ በታወሩ በኩል ጥቅጥቅ ያለ የብረት መረብ አቁሙ። የመረቡ ቀዳዳ ከአንድ ሴንቲሜትር አይብለጥ፣ የሞገዱ ርዝመት 8.6 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ፊልተሩን ጨምሩ። ሁለቱ ሲተጋገዙ ነው የሚያምረው።


የሜክሲኮ_ጣሪያ
ጥር 14፣ ማታ 1፡55

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ከሊፍቱ ቤት ጀርባ ቦታ አለ፣ ነገ እንለካዋለን። አንድ ነገር ግን ያንገበግበኛል። እኛ ቀድመን ነበርን። ወጪውን ሁሉ የምንችለው እኛ ነን?


ጡረተኛው_ማይክሮዌቭ
ጥር 14፣ ማታ 2፡40

ጥያቄህ ትክክለኛ ነው። እኔንም የሚቆጨኝ እሱ ነው።

3.4 ጊጋ ድሮ የሳተላይት ሰፈር ነበር። ከዚያ የዓለም የሬዲዮ ጉባኤዎች ቀስ በቀስ ለሞባይል ከፈቱት። በፈረንጆች አቆጣጠር 2007 ጄኔቫ ላይ ተጀመረ፣ 2015 እዚያው ጄኔቫ ሰፋ፣ 2023 ዱባይ ላይ እኛ ባለንበት ክልል እስከ 3.8 ድረስ በሩ ተከፈተ። ይህ ሁሉ ሲሆን የየአገሩ ተቆጣጣሪ "ዲሾቹ የት ናቸው?" ብሎ መጠየቅ ነበረበት። የጠየቁ አሉ። ሆንግ ኮንግ 3.5 ጊጋን ለ5ጂ ስትሰጥ፣ ታይ ፖ ያሉትን የሳተላይት መቆጣጠሪያ ጣቢያዎች ለመጠበቅ በዙሪያቸው የ5ጂ ቤዝ ስቴሽን የማይተከልበት ክልል ከለለች። ጣቢያዎቹ ይታወቁ ስለነበር ነው የተቻለው።

እኛ ጋ ስፔክትረም (የሬዲዮ ፍሪኩዌንሲዎችን) የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ነው የተቋቋመው። ዲሻችሁ እዚያ ይታወቃል? የሚልክ ጣቢያ ያለ ፈቃድ አይሰራም፣ ስለዚህ ይታወቃል። የሚቀበል ብቻ የሆነ ዲሽ ግን ጣሪያ ላይ ተሰቅሎ ማንም ሳያውቀው ዓመታት ይኖራል። ታወር የሚተክል ሰው ካርታ ሲያይ እናንተ የላችሁም። በዓለም አቀፉ ደንብም ተቀባይ ጣቢያ ጥበቃ የሚጠይቀው ቦታውና ፍሪኩዌንሲው ተመዝግቦ ሲታወቅ ነው።

ስለዚህ ደብዳቤ ጻፉ። ዲሹ የቆመበትን ቦታ፣ ስፋቱን፣ የሚያይበትን አቅጣጫና ከፍታ፣ የምትቀበሉትን ፍሪኩዌንሲ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሚሰራ አስፍሩ። የአናላይዘሩን ምስል ከቆርቆሮው በፊትና በኋላ አያይዙ። ሰዓቱ ይጻፍበት። "ተረበሽን" ብሎ ከሚመጣ አቤቱታና በልኬት ከሚመጣ አቤቱታ የቱ ቶሎ እንደሚታይ አውቃለሁ።


አርኤፍ_ኢንጂነሯ
ጥር 14፣ ማታ 3፡05

ጋሼ ባሉት ላይ ልጨምር። ታወሩን የሚያስተዳድሩት ኢንጂነሮች ጠላቶቻችን አይደሉም። ብዙ ጊዜ አንድ አንቴና ጥቂት ዲግሪ ማዞር፣ ወደ ታች ማዘንበል፣ ወይም በአንድ አቅጣጫ የሚልከውን ጨረር መገደብ ይችላሉ። ለተጠቃሚው ብዙም አይጎድልበትም። ግን ልኬት ይዛችሁ ሂዱ። ባዶ እጅ የሄደ ሰው "ፍሪኩዌንሲያችን አይገናኝም" ተብሎ ነው የሚመለሰው። @ካዛንቺስ_5ጂ፣ አንተም ኢንተርኔትህ አይቀርብህም።


ካዛንቺስ_5ጂ
ጥር 14፣ ማታ 3፡20

እንዲህ ከሆነማ እሰየው። ነገሩ ወይ ይሄ ወይ ያ መስሎኝ ነበር።


ፒያሳ_ልጅ
ጥር 16፣ ቀን 9፡10

ኬብሉን ሙሉ ቀየርኩት። አልጋ ስር የተቀጠለበት ቦታ ሽቦው አረንጓዴ ሆኖ በልቶታል። 11605 መጥቷል። እናቴ ሁላችሁንም ትመርቃለች።


አምስት_ኪሎ_ተማሪ
ጥር 16፣ ማታ 12፡30

ከርዕሱ ብዙ ካልራቅኩ አንድ ጥያቄ አለኝ። የአየር ሁኔታ ሳተላይት ምስል በራሳችን ለመቀበል ከጓደኞቼ ጋር እየሞከርን ነው። የሩሲያው ሜቴኦር በ137.9 ሜጋ የሚልከውን በአርቲኤል ኤስዲአር (ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ ትንሽ የሬዲዮ መቀበያ) እንቀበላለን። ገጠር ስንወስደው ምስሉ ጥርት ብሎ ይወጣል። አምስት ኪሎ ላይ ግን ጫጫታ ብቻ ነው። ማጉያ ጨመርንበት፣ ባሰበት። ቀጥሎ ከ1.7 ጊጋ የሚመጣውን ጥራት ያለውን ምስል መሞከር እንፈልጋለን።


አርኤፍ_ኢንጂነሯ
ጥር 16፣ ማታ 2፡15

ከርዕሱ አልራቅክም፣ እንዲያውም ልቡ ነው።

ላይ ኤፍኤምን ተወው ተብሏል። ለሲ-ባንድ እውነት ነው። ላንተ ግን ዋናው ተጠርጣሪ እሱ ነው። 137 ከ108 ሩቅ አይደለም። ያ ትንሽ መሳሪያ ደግሞ ከፊት ለፊቱ ምንም ማጣሪያ የለውም። ከተማው ሙሉ የኤፍኤም ጣቢያ ወደሱ ይገባል። ማጉያ ስትጨምር ኤፍኤሙንም አጎላህለት፣ ለዚህ ነው የባሰበት። ከ88 እስከ 108 የሚዘጋ ፊልተር ከማጉያው በፊት አስገባ። ቅደም ተከተሉ አንቴና፣ ፊልተር፣ ማጉያ፣ ኬብል ነው። ማጉያው አንቴናው ስር ይሁን። አንዳንዴ የሰው ድምፅ የምትሰማ ከሆነ ደግሞ የአውሮፕላን ሬዲዮ ነው። ከ118 እስከ 137 የነሱ ባንድ ነው፣ ቦሌም ቅርብ ነው።

ሁለተኛው ይከብዳል። ጥራት ያለው ምስል የሚላከው ከ1698 እስከ 1710 ባለው ውስጥ ነው። 1710 ላይ የሞባይል ባንድ ይጀምራል። እዚህ የሚረብሽህ ታወሩ ሳይሆን ስልኩ ነው፤ በ1800 ባንድ ስልክ ወደ ታወር የሚልከው ከ1710 እስከ 1785 ነው። አጠገብህ የቆመ ጓደኛህ ኪስ ውስጥ ያለ ስልክ በቂ ነው። መሃላቸው ምንም ክፍተት ስለሌለ ተራ ፊልተር ጠርዙ ላይ ያለውን አይለየውም። ጠባብ ፊልተር ያስፈልግሃል። ዲሹን ተማሪ ከሚበዛበት በረንዳ አርቀው፣ ሳተላይቱ በሚያልፍባቸው ደቂቃዎች እዚያ ያላችሁት ሁሉ ስልካችሁን ፍላይት ሞድ አድርጉት።

መጀመሪያ 137ቱን ጨርስ። ፊልተሩን ካስገባህ በኋላ ያወጣኸውን ምስል እዚህ ለጥፍልን፣ አብረን እናየዋለን።